«ተደግሟል» ከማለታችን በፊት፦ ድግግሞሽን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስለ መለየት

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንዲት ተማሪዬ ለመልመጃ ካቀረበቻቸው ግጥሞች አንዱን ሳርም የሚከተሉትን አምስት ስንኞች አገኘሁ። ግጥሙ ስለ እናቷ ሞት የተጻፈ ነው። ሥርዓተ ነጥቡን እሷ እንዳሰፈረችው አስቀምጬዋለሁ።

መደቡ አለ፤ ጀበናው አለ፤
ነጠላዋ ከመስቀያው አለ፤
ሁሉም አለ
ሁሉም አለ
እሷስ የት ሄደች

አራተኛውን ስንኝ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩትና በጠርዙ ላይ «ተደግሟል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያን ጊዜ ያደረግሁት ትክክል ለመሆኑ አልተጠራጠርኩም። አምስት ስንኝ ባለው ግጥም «አለ» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ሲመጣ፣ አንዱ ቢቀነስ ግጥሙ ይጠራል እንጂ የሚጎድለው ነገር የለም ብዬ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ተማሪዎች ሥራዎቻቸውን በሚያነቡበት አንድ ምሽት ይህችው ተማሪ ግጥሟን ከነተሰረዘው ስንኝ አነበበችው። ሦስተኛውን ስንኝ ስታነብ «ለ»ን አጠበቀች፤ ሁሉም ነገር በቦታው አለ። አራተኛውን ስታነብ ግን አላላችው፤ ሁሉም ነገር ተናገረ። መደቡም፣ ጀበናውም፣ ነጠላውም አንድ ላይ አፍ አውጥተው «እሷስ የት ሄደች?» ብለው ጠየቁ። የሰረዝኩት ስንኝ ግጥሙ የታጠፈበት ቦታ ነበር። እኔ አንድ ቃል አምስት ጊዜ ብዬ የቆጠርኩት፣ ለካ አራት ጊዜ አንድ ቃል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቃል ኖሯል።

ስትወርድ ጠብቄ ወረቀቷን ስመልስላት ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። «መምህር፣ እርስዎ ከሰረዙት በኋላ ለእኔም አንድ ዓይነት መስሎ ታየኝ። ድምፄን አውጥቼ ሳነበው ነው የተመለሰልኝ» አለችኝ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ስረዛ ነው። ዓላማውም በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የሚታዩ የድግግሞሽ ዓይነቶችን ለይቶ ማሳየት፣ ከዚህም ጋር ድግግሞሽን የምንለይበት መንገድ ራሱ ከአማርኛ ጠባይ መነሣት እንዳለበት መጠቆም ነው። በማሳያነት የገቡት ዐረፍተ ነገሮች፣ ከተለመዱ አነጋገሮችና ከአንድ ምሳሌያዊ አነጋገር በስተቀር፣ እኔው ራሴ ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

2. «ደገመ» የሚለው ቃል ራሱ ምን ይላል?

ወደ ዓይነቶቹ ከመግባቴ በፊት በስያሜው ላይ ጥቂት ማለት እወዳለሁ። በመማሪያ መጻሕፍታችን ጉዳዩ «ድግግሞሽ» በሚል ስያሜ ከዘይቤ ዓይነቶች ወይም ከድምፅ ማስዋቢያዎች መካከል በጥቂት መስመሮች ይጠቀሳል። ተማሪውም በፈተና ወረቀቱ ላይ «በዚህ ግጥም ውስጥ ድግግሞሽ አለ፤ ይህም ግጥሙን ውብ አድርጎታል» ብሎ ያልፋል። በሌላ በኩል የድርሰት መምህሩ «ቃል አትድገሙ» እያለ ያስተምራል። እንግዲህ አንዱ ነገር በአንደኛው ክፍል ጌጥ፣ በሌላኛው ጉድለት ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው።

ቋንቋው ግን ከሁለቱም ይልቅ ሰፋ ያለ ነገር ያውቃል። ክፍል ደገመ ሲባል መውደቅ ነው። ማዕድ ላይ «ድገሙ እንጂ» ሲባል ግን ማክበር ነው። ዳዊት ደገመ ሲባል ጸሎት ነው፤ ደጋሚውም መዝሙሩን በየዕለቱ ስለሚመላለስበት አይሰለቸውም፣ ይበረታበታል እንጂ። አስደገመበት ሲባል ደግሞ ነገሩ ወደ ድግምት ይሄዳል፤ ቃሉ ተደጋግሞ በመነገሩ ብቻ በሰው ላይ ኃይል አለው ተብሎ ይፈራል። በመድረክ ፊት የተቀመጠ ታዳሚ «ይደገም!» ብሎ ሲጮህ፣ አሁን የሰማውን ያንኑ ነገር ድጋሚ ለመስማት እየለመነ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ይባላል፤ ቶማስ በመጀመሪያው ቀን አልነበረምና ጌታ እሱ ባለበት ዳግመኛ ተገለጠ። ነገሩ የተደገመው ሰሚው ስለ ተለወጠ ነው።

ከእነዚህ አነጋገሮች የምረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእኛ ቋንቋ መድገም የጌጥ ሥራ ከመሆኑ በፊት የድርጊት ሥራ ነው፤ ቃሉ ሲደገም አንድ ነገር ይደረጋል። ሁለተኛ፣ የተደገመው ነገር ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሚመስለው ላይ ላዩን ሲታይ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ገርትሩድ ስታይን በ1935 እ.ኤ.አ. በታተሙ ትምህርታዊ ንግግሮቿ፣ ሕያው በሆነ አነጋገር ውስጥ ድግግሞሽ የሚባል ነገር እንደሌለና ያለው አጽንኦት ብቻ እንደሆነ፣ አጽንኦቱም በየጊዜው እንደሚለያይ ተከራክራለች። የእሷን አባባል እስከ ጫፉ ባልከተለውም፣ ዳዊት ደጋሚው አያቴ ቢሰሙት የሚደነቁበት አይመስለኝም።

3. ከዘይቤ በፊት፦ በሰዋስው ውስጥ ያለ ድግግሞሽ

አማርኛ ደራሲው ሳይደግም አስቀድሞ የሚደግም ቋንቋ ነው። ይህን ሳንለይ የደራሲውን ድግግሞሽ መለየት አንችልም።

ግሡን እንመልከት። ሰበረ ካልን በኋላ ሰባበረ፣ ቆረጠ ካልን በኋላ ቆራረጠ፣ ጠየቀ ካልን በኋላ ጠያየቀ እንላለን። የግሡ መካከለኛ ድምፅ ሲደገም ድርጊቱ ይበዛል ወይም በየቦታው ይበተናል። ነካካ ስንል ግን ድርጊቱ ይቀላል፤ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ መንካት ይሆናል። ቅጽሎችም ሲበዙ ከውስጣቸው ይደገማሉ፤ ትልልቅ፣ ረጃጅም፣ አጫጭር፣ አዳዲስ። «ሁለት ሁለት ብር ሰጣቸው» ባልን ጊዜ ቁጥሩን በመድገማችን ብቻ ለእያንዳንዳቸው የሚል ሐሳብ ገብቷል። «ሄዶ ሄዶ ደከመው» ስንል ደግሞ መንገዱ ረዝሟል፤ ተረት የሚነግሩን ሰዎች ጀግናውን ከአገር አገር ሲያደርሱት ኪሎ ሜትር አልቆጠሩም፣ «ሄዶ ሄዶ» ብለው አሳለፉት እንጂ። «መምጣቱንስ መጥቷል» ስንል ግን ርዝመትም ብዛትም የለም። ከመጣው ሰው ጀርባ አንድ «ግን» ቆሞ ይጠብቃል። «ሕግ ሕግ ነው» ስንልም ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው የከበደ ነው።

እነዚህ ሁሉ የማንም ደራሲ ፈጠራ አይደሉም። ሆኖም ለደራሲው ሦስት መንገዶችን ያሳያሉ። ድግግሞሽ ያበዛል፤ እንደ ሰባበረ። ድግግሞሽ ያቆያል፤ እንደ ሄዶ ሄዶ። ድግግሞሽ ያዞራል፤ እንደ መምጣቱንስ መጥቷል። ማብዛት፣ ማቆየትና ማዞር የምላቸውን እነዚህን ሦስት ተግባራት ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

4. የድግግሞሽ ዓይነቶች በቦታቸው

የግሪክና የሮም የንግግር መምህራን የድግግሞሽ ዓይነቶችን ሲከፋፍሉ በዋናነት የተመለከቱት ቃሉ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የት ቦታ ተመልሶ እንደመጣ ነው። የእነሱን ስያሜ በፊደላችን ገልብጦ ማስቀመጥ ተማሪውን ከማስጨነቅ ያለፈ ጥቅም የለውም ብዬ ስለማምን፣ ለውይይት ያህል የሚከተሉትን ስያሜዎች አቀርባለሁ።

ሀ) ራስ ድግም፦ ቃሉ በተከታታይ ሐረጎች ወይም ስንኞች መጀመሪያ ላይ ሲመላለስ ነው። «ነገ ይዘንባል፤ ነገ ይታረሳል፤ ነገ ይበላል።» በመጀመሪያው «ነገ» ተስፋ አለ፤ በሦስተኛው ዛሬ ያልበላ ሰው ይታያል።

ለ) እግር ድግም፦ ቃሉ በመጨረሻ ሲመላለስ ነው። «አባቱ ሄደ፤ ወንድሙ ሄደ፤ ውሻው ሳይቀር ሄደ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። በውጭው አከፋፈል ራስ ድግምና እግር ድግም እንደ መንታ ወንድማማቾች እኩል ይቀመጣሉ። በአማርኛ ግን እኩል አይደሉም። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግሥ የሚያልቅ ነው፤ የግሥ መጨረሻዎችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በመጨረሻ ላይ መመሳሰል ሳይፈለግም ይመጣል። ግጥማችን ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ በመሆኑ ደግሞ ጆሯችን እግር ላይ መመለስን ለምዶታል። በዚህም ምክንያት ራስ ድግም ከገጣሚው ውሳኔን ይጠይቃል፤ እግር ድግም ግን በስንፍናም ሊመጣ ይችላል። ቤት የሚመታ ቃል አጥቶ ያንኑ ቃል የደገመ ገጣሚና ቃሉን አውቆ የደገመ ገጣሚ በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ። የተማሪዬን ግጥም ስሰርዝ የተሳሳትኩት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ «አለ»ን የቤት መምቻ እጥረት አድርጌ ወሰድኩት።

ሐ) ሰንሰለት ድግም፦ የአንዱ ሐረግ መጨረሻ የሚቀጥለው መጀመሪያ ሲሆን ነው። «ከድህነት ስደት፣ ከስደት ናፍቆት፣ ከናፍቆት ዘፈን ይወለዳል።» ይህ ዓይነቱ ድግግሞሽ ምክንያትንና ውጤትን ያስተሳስራል። ሰሚው ቀለበቶቹን ተከትሎ ሲሄድ፣ በሎጂክ ያልተረጋገጠውንም ነገር በድምፁ ብቻ አምኖ ሊቀበል ስለሚችል በንግግር አዋቂዎች ዘንድ የተወደደ፣ ለአድማጭ ግን አደገኛ የሆነ ዓይነት ነው።

መ) ቀለበት ድግም፦ ነገሩ በጀመረበት ቃል ሲዘጋ ነው። «ውኃ ነው የወሰደው፤ ያመጣውም ውኃ።»

ሠ) ዘር ድግም፦ ቃሉ ራሱ ሳይሆን ሥሩ በልዩ ልዩ ቅርጽ ሲመላለስ ነው። «ገዳይ ገደለ፤ ሟች ሞተ፤ አልቃሽ ግን እስካሁን እያለቀሰች ነው።» እንደ አማርኛና ግእዝ ባሉ ቋንቋዎች የቃሉ ሥር በተነባቢዎች የተሠራ ስለሆነ፣ ዘር ድግም በአንድ ጊዜ የትርጉምም የድምፅም ድግግሞሽ ይሆናል። በዚህ ረገድ ቋንቋችን ከብዙዎች የበለጠ የታደለ ይመስለኛል።

ረ) መዋቅር ድግም፦ ቃሉ ሳይሆን የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ሲመላለስ ነው። እንግሊዛዊው ጳጳስ ሮበርት ላውዝ በ1753 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው የዕብራይስጥ ቅዱስ ግጥም በዚህ ዓይነት ትይዩነት ላይ የቆመ መሆኑን ካሳየ ወዲህ ጉዳዩ በስፋት ተጠንቷል። ለእኛ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በስድስት ቃላት ሦስት ድግግሞሽ ይዟል። በየሐረጉ ውስጥ ቃሉ ይደገማል፤ ሁለቱ ሐረጎች በአሠራር ይደጋገማሉ፤ መጨረሻቸው ቤት ይመታል። ሁሉም ነገር በመደገሙ ምክንያት አንድ ያልተደገመ ነገር ብቻ ጎልቶ ይወጣል፤ እሱም ቤቱ ወደ መቃብር መለወጡ ነው። ድግግሞሹ ሰሚውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው አስመስሎ ወደ መሬት አገባው።

ሰ) አዝማች፦ ስንኝ ወይም ስንኞች በየአርኬው መጨረሻ ወይም መካከል ሲመለሱ ነው። ስያሜው ከጥንት ያለ በመሆኑ አዲስ አልፈለግሁለትም።

5. የመለያው መንገድ

ዓይነቶቹን መሰየም የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሰባቱን ስያሜዎች በቃሉ ይዞ አንድም ግጥም ሳይገባው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከስያሜው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ ሁለተኛው ምን ሠራ የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ የተደገመውን አንሥቶ የቀረውን ማንበብ ነው። «ነገ ይዘንባል፤ ይታረሳል፤ ይበላል» ብንል ዜናው አልጎደለም፤ የጎደለው መጠበቁ ነው። ስለዚህ ያ «ነገ» የሚያቆይ ድግግሞሽ ነበር። «አባቱ፣ ወንድሙና ውሻው ሄዱ» ብንል የሄዱት ቁጥር አልቀነሰም፤ ቤቱ አንድ በአንድ ባዶ ሲሆን ማየታችን ግን ቀርቷል። ስለዚህ ያ «ሄደ» የሚያበዛ ድግግሞሽ ነበር፤ መሄዱን ሳይሆን መጉደሉን ያበዛል። ከተማሪዬ ግጥም አራተኛውን ስንኝ ስናነሣ ደግሞ የሚቀረው የዕቃ ቆጠራና መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ጥያቄ ነው። ያ የሚያዞር ድግግሞሽ ነበር።

ሲነሣ ምንም የማይጎድልበት ድግግሞሽም አለ። በስብሰባ ንግግሮችና በሪፖርቶቻችን ውስጥ «ለመወያየትና ለመነጋገር»፣ «ዓላማውና ግቡ»፣ «በትጋትና በልፋት» የሚሉ ጥንዶች ሞልተዋል። በእነዚህ ውስጥ አንድም ቃል አልተደገመም፤ ሐሳቡ ግን ተደግሟል፣ የትም አልሄደምም። ልብ ማለት የሚገባው፣ የአራሚው ቀይ እስክሪብቶ እነዚህን ዝም ብሎ ማለፉ ነው፤ ቃላቱ ይለያያሉና። ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ የተለየውን እየሰረዝን፣ ቃሉ ተለይቶ ነገሩ አንድ የሆነውን እናሳልፋለን። ከዚህ አንጻር ሲታይ «ቃል አትድገሙ» የሚለው ትምህርታችን ተማሪውን ከድግግሞሽ አላዳነውም፤ የማይታይ ድግግሞሽ አስተማረው እንጂ።

6. ደጋሚው ማን ነው?

እስካሁን የተናገርኩት አንድ ተናጋሪ የራሱን ቃል ስለሚደግምበት ሁኔታ ነው። በቃል ሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚናገረውና የሚደግመው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይህን ልዩነት ያልያዘ አከፋፈል ለእኛ ጎዶሎ ነው።

በለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ ግጥሙን ታወርዳለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አዲስ ለቀስተኛ ከደጅ ሲገባ የተባለው እንደገና ይነሣል፤ ሐዘኑ ቀድሞ የተነገረ ቢሆንም ለገባው ሰው ገና አልተነገረምና። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ይመልስለታል። ቃሉ ያው ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ የቤቱ ሁሉ ሆኗል። ደፍሮ መናገር የማይቻልን ነገር በሌላ ሰው አፍ ማስደገም ምን ያህል ጥበብ እንዳለበት የአዝማሪ ቤት ታዳሚ ሁሉ ያውቀዋል። በቡሄ ጊዜ በሆያ ሆዬ አንዱ ልጅ ግጥሙን እየለዋወጠ ሲያወጣ ጓደኞቹ አንድን ነገር ብቻ ይመልሳሉ፤ አውጪው የሚቀጥለውን የሚያስብበት ጊዜ የሚያገኘውም በእነሱ መመለስ ውስጥ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ የውጭ አጥኚዎችም ደርሰውበታል። ሚልማን ፓሪ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩጎዝላቪያ የቃል ዘፋኞችን አጥንቶ፣ ተማሪው አልበርት ሎርድ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ በጥንታዊ ረጃጅም ግጥሞች ውስጥ የሚመላለሱ ሐረጎች ዘፋኙ በቆመበት እየገጠመ እንዲሄድ የሚያስችሉት መሣሪያዎች ናቸው። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ሆኖም የሚያስረዳው ስለ ዘፋኙ ነው። የእኛው ሙሾና የአዝማሪው ቅብብል፣ ድግግሞሹ ለአድማጩ ምን ያደርጋል የሚለውንም ጥያቄ እንድንጨምር ያስገድዱናል።

የቤተ ክህነቱ ሥነ ጽሑፍም በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምረናል። በምህላ ጊዜ እግዚኦታ 41 ጊዜ ሲባል ቃሉ አዲስ ዜና አይነግርም፤ ምእመኑን በልመናው ውስጥ ያቆየዋል። በግእዙ ቁጥር 135ኛው መዝሙረ ዳዊት 26 ቁጥሮች አሉት። የእያንዳንዱ ቁጥር ሁለተኛ ክፍል አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ግን ከሰማይና ምድር መፈጠር ተነሥቶ፣ በግብፅና በቀይ ባሕር አልፎ፣ ለሥጋ ሁሉ ምግብን እስከ መስጠት ይደርሳል። አንዱ ወገን ሲጓዝ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። በመልክእ ድርሰቶች ውስጥ በየአርኬው ራስ ላይ «ሰላም» የሚለው ቃል ይመለሳል፤ ውዳሴው ግን ከስም አጠራር ተነሥቶ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። በሦስቱም የቆመ ነገር አለ፤ በሁለቱ ደግሞ የሚሄድ ነገር ተጨምሯል።

የዚያው ቤተ ክህነት ልጅ የሆነው ቅኔ ግን ተቃራኒውን መንገድ ይከተላል። ቅኔ በየበዓሉ አዲስ ሆኖ ይቆጠራል፤ የትናንቱን ዛሬ የሚያመጣ ወይም የሌላውን እንደ ራሱ የሚያቀርብ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። እንግዲህ አንዱ ሊቅ ጠዋት ዳዊት ደግሞ፣ በኋላ ያልተደገመ ቅኔ ሊያቀርብ ይችላል። አባቶቻችን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ መደገም ያለበትንና መደገም የሌለበትን ቦታ ቦታ ሰጥተውታል። «ድግግሞሽ ጉድለት ነው» ወይም «ድግግሞሽ ጌጥ ነው» የሚለው ነጠላ ፍርድ ከእነሱ የወረስነው አይደለም።

7. ከጆሮ ወደ ወረቀት

የታተመ ግጥም ተቀባይ የለውም። አንባቢው ብቻውን ነው፤ ስለዚህ አውጪውም ተቀባዩም ራሱ መሆን አለበት። ዘመናዊው ገጣሚ የሚደግመው ይህን ባዶ ቦታ እያሰበ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ጥሩ አብነት የሚሆነን የሠዓሊውና የገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ «ሀገሬ» ነው። በዚህ በብዙዎች በሚታወቅ ግጥም ውስጥ የርእሱ ቃል ራስ ድግም ሆኖ ይመላለሳል፤ ብዙ አንባቢዎችም ድግግሞሹን የሚያስታውሱት በዚያ ቃል ነው። እኔ ግን ከእሱ ይልቅ ወደ «እዚያ» እንድናተኩር እወዳለሁ። ገጣሚው ስላገሩ መልካም መልካሙን ሲዘረዝር ይህ ትንሽ ቃል ደጋግሞ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ስናነብ ቦታ አመልካች ብቻ ነው። በተመለሰ ቁጥር ግን ስለ አገሩ የሚነግረን ነገር እያነሰ፣ ስለ ተናጋሪው የሚነግረን እየበዛ ይሄዳል፤ «እዚያ» የሚል ሰው እዚያ የለምና። «ሀገሬ» የሚለው ቃል ያበዛል፤ «እዚያ» የሚለው ያዞራል። ገጣሚው በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት በአሜሪካ ማረፉን ለሚያውቅ የዛሬ አንባቢ ደግሞ ቃሉ ገጣሚው ሲጽፈው ከነበረውም በላይ ከብዷል። ድግግሞሽ ብቻ ብለን ብንሰይመው ኖሮ ሁለቱን ቃላት በአንድ ከረጢት ከትተን እናልፋቸው ነበር።

ወረቀት ሌላም ነገር ይደብቃል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። አለና አለ፣ ገናና ገና፣ ዋናና ዋና በጽሕፈት አንድ ሲሆኑ በንባብ ሁለት ናቸው። በኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት ውስጥ የጥብቀት ምልክት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢካተትም በግጥም መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አናየውም። ይግባ ብዬ አልከራከርም፤ ኅብር የሚኖረው ይኸው ጽሕፈት ሁለቱን ንባብ በአንድ ላይ ስለሚሸከም ነው። ምልክቱ ባለመኖሩ ግን ኀላፊነቱ በአንባቢው ላይ ወድቋል። በዓይኑ ብቻ የሚያነብ ሐያሲ ያልተደገመውን ተደገመ ይላል።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ለማሳየት የሞከርኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ። ድግግሞሽን ለመለየት የሚነሣ አንባቢ በመጀመሪያ ጽሑፉን ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፤ አንድ የመሰሉት ቃላት አንድ መሆናቸውን ያረጋግጥ። ቀጥሎ ድግግሞሹ የቋንቋው ነው ወይስ የደራሲው ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ ሁለተኛውን አንሥቶ ምን እንደጎደለ፣ ማለትም ብዛት፣ ቆይታ ወይስ መታጠፊያ እንደሆነ ይመልከት። አውጪውና ደጋሚው አንድ ሰው መሆኑንም ይለይ። ስም ማውጣት የመጨረሻው ሥራ ነው። እስካሁን በክፍሎቻችን የምናደርገው ግን ከዚህ ቅደም ተከተል የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ዓይነቶቹን ሁሉ ጨርሷል ማለት አይደለም። በልብ ወለድ ውስጥ ትዕይንቶችና ምስሎች በምዕራፎች ርቀት የሚመላለሱበትን ሁኔታ አልነካሁም፤ ያቀረብኳቸው ስያሜዎችም ሊሻሻሉ ወይም በተሻሉ ሊተኩ ይችላሉ። በጉዳዩ ላይ ያሰቡ የሥራ ባልደረቦቼ ሐሳባቸውን ቢያካፍሉ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ለውይይት አላቀርበውም። ተማሪዬ «ከሰረዙት በኋላ ለእኔም አንድ ዓይነት መስሎ ታየኝ» ስትል የነገረችኝ፣ የአስተማሪ ስረዛ ከወረቀቱ አልፎ ጆሮ ውስጥ እንደሚገባ ነው። የጻፈችውን ግጥም ለአፍታም ቢሆን ከራሷ ደብቄባት ነበር። በዚያው ምሽት ወረቀቱን ተቀብዬ «ተደግሟል» ያልኩትን አጠፋሁና ስንኙን በእጄ መልሼ ጻፍኩት፤ ሁሉም አለ።